የጎባጣው ማኅተም

ዳቦ ቤቱን ሰው ሁሉ የሚያውቀው «ጎባጣው» ብሎ ነው። በሩ ላይ የተጻፈው እሱ፣ ዳቦው ላይ የሚታተመውም እሱ፤ ጆንያ የተሸከመ፣ ጀርባው ጉብ ያለ ሰው። ማኅተሙን ከእንጨት የቀረጹት የዳቦ ቤቱ የቀድሞ ባለቤት ራሳቸው ናቸው። ጀርባቸው ከልጅነታቸው የጎበጠ ነበርና «ሰው መጥራቱ ካልቀረ እኔው ልቅደመው» ብለው ነው ይባላል። እሳቸው ካረፉ ስድስት ዓመት ሆነ። ዛሬ ሊጡን አቡክታ የምትጋግረው ሴት ልጃቸው ናት፤ ዳቦውን በመኪና ለየሱቁ የሚያደርሰው ታላቅ ወንድሟ።

ነገሩን ያመጣችው ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ ናት። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ መጥታ ዳቦ ሳትገዛ ቆመች።

«ልጄ ትምህርት ቤት አልሄድም አለችኝ» አለች።

ልጅቷን ጋጋሪዋ በደንብ ታውቃታለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አከርካሪዋ ጠምሞ ከልብሷ ስር የጀርባ ድጋፍ ታስራለች።

«ምሳ ሰዓት ላይ የናንተን ዳቦ ገልብጠው ፊቷ ላይ ይደቅኑና ‹ፎቶሽ ወጣልሽ› ይሏታል። አባትሽ ነፍሳቸውን ይማርና ደግ ሰው ነበሩ። ግን ይቺን ስዕል ብትተዪልኝ ምን አለበት?»

ጋጋሪዋ «ወንድሜን ላማክረው» ብላ ሸኘቻት። የአባቷን የእጅ ሥራ ከዳቦው ላይ አንሺ መባሏ አንጀቷን አቃጠለው። ልጅቷም አንጀቷን በላቻት። አንድ ሆድ ለሁለቱም አልበቃ አለ።

ወሬ መቼም እግር አያጣም፤ ከሰዓት በኋላ መንገዱ ሁሉ ሰምቶ ነበር። «ዛሬ ጎባጣን ጎባጣ አትበሉ ካላችሁን፣ ነገ ደግሞ አጭሩን አጭር አትበሉ ልትሉን ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ። ራሱ አጭር ነው። መድኃኒት ሻጯ ዳቦዋን እያስጠቀለለች «አንተን ደግሞ ማን ዳቦ ላይ አተመህ?» አለችው። እሱም ሳቀ።

ወንድምየው ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ።

«አይነካም!» አለ። «አባባ ያላፈሩበትን እኛ ልናፍርበት ነው? ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። ለማንም ብለን የገዛ አባታችንን አንፍቅም።»

«ልጅቷስ?»

«የሚያሳቅቋት ባለጌዎች ይቀጡ። ዳቦው ምን አጠፋ?»

እውነቱን ለመናገር ግማሹን እሷም ታምንበታለች።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ እሳቱ ዳቦውን ከምድጃ አወጡ። እኚህ ሽማግሌ ከአባቷ ጊዜ ጀምሮ አርባ ዓመት ሙሉ ከዚያ ምድጃ ፊት ተለይተው አያውቁም፤ ቅጽል ስሙም ከዚያ ነው የመጣው። ወንድምና እህት ትኩሱን ዳቦ እንደ ወትሮው በፊቱ እየደፉ መደርደሪያው ላይ ይደረድራሉ። ልብስ ሰፊዋ «ገልብጠው» ያለችው ድንገት ትዝ አላትና እጇ ቆመ።

«ወንድም ጋሼ፣ ለምንድነው ግን በፊቱ የምንደፋው?»

«እንፋሎቱ እንዲወጣ ነዋ። አባባ ናቸው ያስተማሩን።»

«ሌላ ዳቦ ቤት እኮ አይደፉም።»

«የምን እንፋሎት» አሉ ጋሽ እሳቱ ከምድጃው ዘንድ። «ድሮ ፊቱ ወደ ላይ ነበር። አንድ ቀን ተማሪዎች ገቡ፤ ሦስት ልጆች። ማኅተሙን ያያሉ፣ አባታችሁን ያያሉ፣ ይስቃሉ። እሱም አብሯቸው ሳቀ። ከወጡ በኋላ ግን የተደረደረውን ዳቦ አንድ በአንድ ደፋው። ‹እንፋሎቱ ይውጣ› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ቀና አድርጎት አያውቅም።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ወንድምየው የያዘውን ዳቦ አስቀመጠ።

«አራት ነበርን» አለ።

ጋሽ እሳቱ ዞር ብለው ምድጃውን ማየት ጀመሩ። አራተኛውን ለካ ሆን ብለው ነው የተዉት።

«ሦስቱ ጓደኞቼ ናቸው። ለትምህርት ቤቱ አዲስ ገቢ ስለነበርኩ የማን ልጅ እንደሆንኩ አያውቁም። ሲስቁ እኔም ሳቅሁ። አባባ አዩኝ። ልጄ ነው አላሉም። ማታ ቤት ስንገባም ምንም አላሉኝ። ትልቁን ቁራሽ ለእኔ ቆረሱልኝ።»

ለእህትየው «አይነካም» ብሎ የተቆጣው ያንን ቀን ለመካስ እንደሆነ ገና አሁን ነው የገባት። አዘነችለት፤ ትንሽም ተናደደችበት።

«የወጋ ቢረሳ ይባላል» አለች በመጨረሻ።

«አልረሳሁም።»

ማኅተሙን ከሊጡ ጠረጴዛ አነሳ፤ ዱቄቱን በሸሚዙ ጠርጎ የአባታቸው መነጽር በተቀመጠበት መሳቢያ ውስጥ አኖረው። የበሩን ጽሑፍ ራሱ ቅዳሜ ሊፍቅ፣ በምትኩ የአባታቸው ዋና ስም ሊጻፍበት ተስማሙ።

በማግስቱ ዳቦው ያለ ማኅተም ወጣ። ወንድምየው ከልማድ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሰባት ዳቦዎች ደፍቶ ደረደራቸው። ከዚያ ቆም አለና ተመልሶ አንድ በአንድ ቀና አደረጋቸው።