የእሜቴ ጥሩብርሃን ሞክሼዎች

በዲላ ከተማ ስማቸው የታወቀ ሦስት ጥሩብርሃኖች ነበሩ። አንደኛዋ የግራዝማች ከፈለኝ ሚስት፣ ከኮንጋ በላይ ያለው ቡና ሁሉ የእሷ ነው የሚባልላት እሜቴ ጥሩብርሃን ናት። ሁለተኛዋ በሚስዮን ክሊኒክ የምታዋልደው፣ ግማሹ ከተማ በእጇ የተወለደው ጥሩብርሃን ናት። ሦስተኛዋ በሬዲዮ የምትዘፍነው እህቴ ናት። ስለ አንደኛዋ ስናገር «እሳቸው» ማለት ይገባኝ ነበር፤ አልልም። ይቅር በይ የሚለኝ ካለ ከወዲሁ መንገዱን ይያዝ።

የሦስቱም ስም ከአንድ ቤት የወጣ ነው። እሜቴ አልወለደችም። ጠበሉም ስለቱም ሐኪሙም አልሆነላትም። ስለዚህ ስሟን በሰው ልጅ ላይ ትተክለው ጀመር። እናቴ አትጠገብ እዚያ ቤት ወጥ ቤት ነበረች፤ እህቴን የወለደቻትም ከማጀቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ነው። እሜቴ አራስ ልትጠይቅ ገብታ ሕፃኗን አየቻትና፣ «ይቺ በስሜ ትጠራ። እኔ ሳልፍ ስሜ አብሮኝ እንዳይቀበር» አለች። ክርስትናም አነሣቻት። እናቴ ሌላ ስም አስባላት ነበር፤ ምን እንደነበር ግን እስክትሞት አልነገረችንም።

አዋላጇም እንዲሁ ናት። አባቷ የኮንጋ ጭሰኛ ነበር፤ በጌዴኦኛ ስም አውጥቶላታል። አንድ ዓመት የቡናውን እርቦ፣ የባለመሬቷን ድርሻ፣ ሊያስገባ ሲመጣ ልጅቱን አስከትሎ መጣ። እሜቴ ስሟን ጠይቃ ሰማችና፣ «ይሄ ለምላስ አይመችም፤ ጥሩብርሃን በሏት» አለች። ጭሰኛ ምን ይላል? እሺ አለና ወደ ቤቱ ሄደ።

እህቴን ግን እሜቴ በስሟ ጠርታት አታውቅም። ሞክሼ ለሞክሼ እንደሚባባለው «ሞክሼ» ነበር የምትላት። «ሞክሼ፣ ውሃ አሙቂ። ሞክሼ፣ እግሬን እጠቢ።» እህቴ እግር እያጠበች ታንጎራጉራለች። እሜቴም ድምጿን ትወደው ነበር፤ የአውራጃው ሹማምንት ለግብዣ ሲመጡ ከማጀት አስጠርታ ታዘፍናት ነበር። ያኔ ነውር አልነበረም። ነውር የሆነው እህቴ በቡና ጭነት መኪና ተሳፍራ አዲስ አበባ ከገባች፣ ኦርኬስትራ ከተቀጠረችና ሰው ሁሉ ከወደዳት በኋላ ነው።

ኡስማን የሚባል ነጋዴ እኔ ከምነግድበት ቅቤ ተራ ፊት ለፊት ሱቅ ነበረው። ሬዲዮኑን በር ላይ አውጥቶ ያስቀምጠዋል። ቅዳሜ ከሰዓት «ድምፃዊት ጥሩብርሃን» ሲባል ገበያው ቀጥ ይላል፤ ከቡሌ በእግሩ የመጣው ገብስ ሻጭ ሳይቀር ሸክሙን አውርዶ ይሰማል። እኔም እሰማ ነበር፤ እናቴን እኔ ላይ ጥላ ስለሄደች እየተናደድኩ፣ ደግሞም እየኮራሁ። ማታ ማታ ጠጅ ቤቱ ሁሉ ስሟን ይዞ ያመሻል። ታዲያ አንዱ ሰካራም በግራዝማች በር ሲያልፍ ቆም ብሎ፣ «ጥሩብርሃን፣ የኔ ዓለም፣ አንዴ ብቻ ውጪልኝ» እያለ ሲማጸን ተሰማ። ዘበኞቹ ደበደቡት። በማግስቱ ግን ከተማው የሚያወራው ስለ ዱላው ሳይሆን ስለ ልመናው ነበር።

በሳምንቱ እሜቴ እናቴን አስጠራች። እናቴ ያኔ እግሯ አብጦ እኔ ቤት ተኝታለች፤ እኔ ሄድኩላት። ተቀመጪም አላለችኝ።

«እህትሽ ስሜን ከመሸታ ቤት መሸታ ቤት ታዞረዋለች።»

«እሜቴ፣ ስሙን የሰጧት እርስዎ ነዎት።»

«የሰጠሁት ለክርስትና ልጄ ነው እንጂ ለአዝማሪ አይደለም። ስሜን ትመልስ። እስክትመልስ ድረስ እናትሽ ከእድር ወጥታለች።»

የእድሩ ዳኛ ባሏ ነው፤ ድንኳኑና ሳንቃው የሚቀመጡትም በእሷ ግቢ ነው። እሷ ካለች አለቀ ነው። በእኛ ከተማ እድር የሌለው ሰው ሲሞት ጡሩንባ አይነፋለትም፣ ድንኳን አይተከልለትም፣ መቃብር የሚቆፍርለትም አያገኝም። እናቴ ጉልበቷ እስኪከዳት ድረስ የሰው ለቅሶ ቀርታ አታውቅም። የስንቱን ቤት ንፍሮ ቀቅላለች። የምትፈራውም ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ሰው ሳያያት መቀበር።

ለእህቴ በሹፌር መልእክት ላክሁላት፤ በሦስተኛው ቀን መጣች። ጠጉሯን አጎፍራ፣ ጉልበቷ የሚታይ ቀሚስ ለብሳ ከአውቶቡስ ስትወርድ ሰፈሩ በር በሩ ላይ ወጣ። ሰላምታ ሳንጨርስ ተጣላን።

«አሰፋች፣ አገር የሚያውቀኝ በዚህ ስም ነው። ሸክላው ላይ የታተመው ይሄ ነው። ልተወውና ከምን ልጀምር?»

«አንቺ ስም ነው የሚጎድልሽ፤ እሷ ቀባሪ ነው የሚጎድላት።»

«እና የዚያች ሴትዮ እግር ላይ ልውደቅ?»

«ስታጥቢው ያደግሽው እግር ነው፤ ምን አዲስ ነገር አለው?»

በጥፊ ልትመታኝ እጇን አነሣች። እናታችን ከአልጋዋ ላይ፣ «ተዉ እናንተ» አለች። «ለሞተ ሰው ድንኳን ምኑ ነው? ዝናቡ የሚመታው እናንተን ነው። ስሟን እንዳትመልሺ ልጄ። ለፍተሽበታል።» እንዲህ ትበል እንጂ በዚያ ሰሞን ውጭ ጡሩንባ በተነፋ ቁጥር «ማነው?» ትልና ስንነግራት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። እህቴም ይህን አየች። አየችና አዲስ አበባ መመለሷን ተወችው።

እናታችን ረቡዕ ማለዳ አረፈች። እኔ ሮጬ ግራዝማች ዘንድ ሄድኩ፤ ግራዝማች የሚስቱን ፊት አየና ወደ ውስጥ ገባ። ስመለስ እህቴ ቀሚሷን ለውጣ፣ ጠጉሯን በጥቁር ሻሽ አስራ፣ ነጠላዋን አደግድጋ ጠበቀችኝ። አንድ ቃል ሳትነግረኝ ወጣች። ተከተልኳት፤ ጎረቤቱም ተከተለን። እሜቴ በር ላይ ስንደርስ ሰዉ መንገዱን ሞልቶት ነበር።

እህቴ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «እሜቴ፣ ስምዎን አምጥቻለሁ» አለች። «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ስም አልጠራም፤ ሸክላም አላወጣበትም። እናቴን ያስቀብሩልኝ።»

እሜቴ ደረጃው ላይ ቆማ ነበር። «ማይልኝ» አለች።

«በማን ልማል?»

«በእናትሽ ሬሳ።»

ከሰዉ መካከል «ኧረ ይቅርብዎ እሜቴ» ያለ ነበር፤ ማን እንደሆነ አላየሁም። እህቴ ማለች። ሬሳውን እቤት አስተኝታ በሬሳው ማለች። ድንኳኑ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት እሜቴን በእጄ ብገድላት አይጸጽተኝም ነበር፤ ዛሬም ስለዚህ ንስሐ አልገባሁም።

ጡሩንባ ነፊው ፈለቀ ይባላል። ሴት ስትሞት በታወቀው ልጇ ስም ነው የሚያስታውቀው። በደንቡ ቢሆን «የጥሩብርሃን እናት አርፋለች» ማለት ነበረበት። እሜቴ አስጠርታ አስጠነቀቀችው፤ ስለዚህ «የአሰፋች እናት፣ የቅቤ ነጋዴዋ» እያለ ዞረ። ለእኔ ክብር ነው ብለው የሚያስቡ ነበሩ። እኔ ጡሩንባውን ነጥቄ ራሱን ባልኩት ደስ ባለኝ።

ሰዉ ግን መጣ። እናታችን ተቀበረች፤ በደንብ ተቀበረች። የደከመችለት ሰው ሁሉ አላሳፈረንም። ግብአተ መሬቱ አልቆ ሰዉ ሊበተን ሲል አዋላጇ ከኮንጋ ሰዎች መሐል ወጣችና እሜቴ ፊት ቆመች። የአራስ ደም የለመዱ ትልልቅ እጆች ነበሯት፤ ሆዷ ላይ አጣጥፋቸዋለች።

«እናቷ ደግ ሰው ነበረ» አለች። «ልጁን ስሙን ቀማሽ። የኔንም ውሰጂ። አባቴ ያወጣልኝ አለኝ።»

«አንቺ» ብላት ነበር። ዘበኛው እንኳ አንገቱን ደፋ። አማርኛዋ ስለማይሞላ ይሁን ወይ ልቧ ስለሞላ ማንም ሊያውቅ አልቻለም፤ እሜቴም አልጠየቀችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ክሊኒክ ሄዶ «ጥሩብርሃንን ጥሩልኝ» ያለ ሰው «እዚህ የለችም» ይባል ጀመር። የኮንጋ ጭሰኞችም ለልጆቻቸው ያንን ስም ማውጣት ተዉ። ማንም አልመከረበትም፤ ዝም ብሎ ቀረ። እሜቴ ስሟ ሁሉ ተሰብስቦ ተመለሰላት።

ሁለት ክረምት አለፈ። ግራዝማች ከፈለኝ ሞተ፤ ወንድሞቹ በመሬቱ ከሰሷት። ቤቱ የሚገባበት እያነሰ፣ የሚወጣበት እየበዛ ሄደ። ሬዲዮኑም ጥሩብርሃን ማለት አቁሞ ቆየ። አንድ ቅዳሜ ታዲያ ቅቤ እየመዘንኩ ሳለ የእህቴን ድምፅ ሰማሁ። ዘፈኑ ሲያልቅ አስተዋዋቂው፣ «ያዳመጣችሁት ድምፃዊት አትጠገብን ነው» አለ። ሚዛኑን ለቀቅኩት። የእናቴ ስም ከማጀት ወጥቶ አያውቅም ነበር፤ እዚያ ገበያ መሐል ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ኡስማን ከሱቁ ወጥቶ የፈሰሰውን ቅቤ ያነሣልኝ ጀመር።

እሜቴ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። በእግሯ መጣች፤ በቅሎም አሽከርም አልነበራትም። ጥላዋን ዘግታ አጠገቤ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ፊቷ ከስቷል። ቅቤ ተራው ሁሉ ዞሮ አየን።

«ሞክሼዬ ደህና ናት?»

«ሞክሼ የለዎትም፣ እሜቴ።»

ጥላዋን ከጎኗ አጋደመችው። «መሐላውን እኔ ነኝ ያስማልኳት፤ እኔው ፈትቼላታለሁ። የነፍስ አባቴም ይፈታዋል። ስሙን ትመልሰው፤ በሬዲዮም ትጠራበት።»

«አሁን ምን ተገኘ?»

«ግራዝማች ከሞተ ወዲህ ስሜን የጠራው ሰው የለም።» ይህን ስትል ወደ መሬት ነበር የምታየው። «ቤት ያለው እሜቴ ይለኛል፤ ችሎቱ ተከሳሽ ይለኛል። ያ ሰካራም እንኳ ከዚያ ወዲህ አልመጣም። በቁሜ ጠፋሁ፣ አሰፋች። ልጅቷን የሰየምኳት እኮ ለዚሁ ነበር።»

አላዘንኩም አልልም። የእናቴ ሬሳ ትዝ ሲለኝ ግን ሐዘኑ ተወኝ።

«ስምዎማ እርስዎ ዘንድ ነው፤ ማንም አልነካብዎትም» አልኳት። «የጠፋው ጠሪው ነው። ስም መስማት ካማረዎ ቅዳሜ ከሰዓት ኡስማን ሱቅ ይምጡ። የወጥ ቤትዎ ስም ይጠራል።»

አልተሳደበችም። ብትሳደብ በወደድኩ። በሁለት እጇ ጉልበቷን ደግፋ ተነሣችና በጫት ተራው በኩል መንገድ ጀመረች። ጥላዋን ድንጋዩ ላይ ረስታው ነበር፤ ደመናውም ከብዷል። አነሣሁትና፣ «እሜቴ» ብዬ ተጣራሁ።

ቆመች። ፊቷን ግን አላዞረችም። ጀርባዋን ሰጥታኝ ትጠብቅ ነበር፤ ምን እንደምትጠብቅ እኔም ቅቤ ተራው በሙሉም አውቀናል። ስሟ አፌ ላይ ነበር፤ ብጠራው ምንም አልከስርም።

«እሜቴ፣ ጥላዎን» አልኳት።