ከባዱ ብሩሽ

«ከባዱ ብሩሽ ይቅር፤ ዘንጉን ያወዛውዘዋል» ብሏት ነበር ያሕያ ጠዋት፣ ጎፋ ቤታቸው በር ላይ። ሙፊዳ የባሏን ምክር መቼ ሰምታ ታውቃለች?

«አዲስ ፎቅ ነው፣ መስታወቱ ላይ ስሚንቶ ደርቆበታል። በዚያ ለስላሳ ልትዳብሰው ነው?» ብላ ፀጉረ ጠንካራውን ዘንጉ ጫፍ ላይ ገጠመችው።

ለቡ ሲደርሱ መብራት የለም። ጥበቃው «እሰይ፣ በሽቦው በኩል ያለውን አሁኑኑ ጨርሱት» አላቸው። ሁለቱ የመብራት ሽቦዎች ሶስተኛ ፎቅ መስኮት አጠገብ ነው የሚያልፉት፤ በደህና ቀን የአልሙኒየም ዘንግ ይዞ እዚያ የሚጠጋ የለም። ያሕያ ጎማውን ከውሃ ሮቶው ሊያገናኝ ጣሪያ ላይ ወጣ። እሷ ከታች ዘንጉን አቆመች። ውሃው በጎማው ወርዶ፣ በዘንጉ ውስጥ ሽቅብ ሄዶ፣ በብሩሹ ፀጉር መሃል ፈሰሰ። ስሚንቶው መላቀቅ ጀመረ።

«አላልኩም?» አለች ለራሷ።

ብሩሹ ግን ውሃ ጠጥቶ ከበደ። ዘንጉ እንደ ሸንኮራ ተለመጠና ብሩሹ ሁለቱ ሽቦዎች መሃል ተቀረቀረ።

ጎተተች። እምቢ። ገፋች። እምቢ።

«ያሕያ!»

ማን ሰምቷት። ውሃው ዘንጉን ተከትሎ በእጅጌዋ ገብቶ ብብቷ ደረሰ። እግሯ ስር ኩሬ ሆነ። እንዳትለቀው፣ ከዘንጉ ስር ጉሊት አለ። ጠዋት «ፀሐይወርቅ እባላለሁ፤ ውሃ ብትረጪብኝ አንላቀቅም» ያሏት ሴትዮ ቲማቲም ዘርግተው ተቀምጠዋል። መብራት ደግሞ ሲመጣ አስፈቅዶ አይመጣም።

«እማማ! ይነሱ ከዚያ!»

«ቲማቲሜን ጥዬ የት ልሂድ? ምን ሆነሻል ልጄ?»

«ሽቦው ይዞታል! በአላህ ይነሱ!»

ቀና ብለው አዩ። ያኔ ነው ከአስፋልቱ ማዶ ጩኸት የተነሳው፦

«መጣ! መጣ!»

ሙፊዳ ልሞት ነው ብላ ሸሃዳዋን ያዘች። ምንም። ለማዶዎቹ ብቻ ነው የመጣው። ሁሌም እነሱ ይቀድማሉ፤ ይሄኛው ወገን ወዲያው ይከተላል።

እማማ ፀሐይወርቅ ቲማቲማቸውን በጆንያው ጎትተው ዞር አሉ። «ልቀቂው በይ!»

ጣቶቿ እምቢ አሏት። የገዛ ጣቶቿ።

«ምን ትጠብቂያለሽ አንቺ ግግም! ልቀቂ!»

አንድ ቲማቲም ተወርውሮ ግንባሯ ላይ ፈነዳ። ብርግግ ስትል እጇ ተከፈተ። ወደ ኋላዋ ተንደርድራ አሸዋ ክምር ላይ ወደቀች። ዘንጉ አልወደቀም፤ ሽቦው ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

የጥግ ሱቁ ሬዲዮ ማውራት ጀመረ። ወዲያው ጧ! ሰማያዊ ብልጭታ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ፣ ኩሬው ላይ ጭስ። ሬዲዮው ዝም አለ።

ያሕያ ደረጃውን እንዴት እንደወረደው እሱም አያውቅም። ፊቷን ሲያይ ጮኸ።

«ቲማቲም ነው» አሉት እማማ ፀሐይወርቅ። «ደህና ናት። አልለቅ ስትል እኔ ነኝ የወረወርኩባት።»

ያሕያ አጠገቧ ቁጢጥ አለና እጇን ያዘ። ጣቶቿ ዘንግ እንደያዙ ሁሉ መልሰው ተጨብጠዋል። አንድ በአንድ ይፈታቸው ጀመር።