ዘመኑ አልፏል

ደግሞ አሁን ለምን ሳቀች፣ ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ዞር ብላ ነው የሳቀችው፣ ኦሻራት ናት ስሟ፣ የጋራዡን ስልክ የምታነሳዋ፣ እዚህ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ከተቀመጥሁ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ሆነኝ፣ አራት ጊዜ ሳቀች፣ ሁለቱን በስልክ፣ አንዱን በጋራዡ ውሻ፣ አራተኛውን በማን እንደሆነ አላወቅሁም። ያላወቅሁትን ነገር አልወድም።

መኪናዬ፣ ጀርመኑ፣ ማንሻው ላይ ተሰቅሏል። መካኒኩ ኤሊራን ከሥሩ ቆሞ በባትሪ ያያል፣ ምን ያያል፣ የተቀየረው የሞተሩ ክዳን ነው፣ ከላይ የተሠራ ሥራ ከሥር ምን ያሳያል፣ ዘይት ይንጠባጠብ እንደሆነ ነው አባ ዘመኑ፣ ይላል ሳልጠይቀው። ሳልጠይቀው ለምን መለሰ? ሳይጠየቅ የሚመልስ ሰው ጥያቄውን አስቀድሞ ያውቀዋል።

የመኪናውን ስም አልጠራም፣ ጀርመኑ ነው የምለው። ሚስቴ ባንቺአየሁ ጣውንቴ ትለዋለች፣ ጣውንቴን አጠብካት፣ ጣውንቴ ዛሬስ ምን አማራት። ስድስት ሲሊንደር፣ ሦስት መቶ አርባ የፈረስ ጉልበት፣ አባቴ አንዲት በቅሎ ነበረችው፣ እሷም ታነክስ ነበር። ሰው ይገርመዋል፣ ዘመኑ፣ ያለቀ ሳሙና ከአዲስ ሳሙና የሚያጣብቀው ዘመኑ፣ ይህን እንዴት ገዛ ይላሉ፣ አበደ ይላሉ፣ አላበድሁም፣ አሥራ አንድ ዓመት የመኪና መሸጫ ወለል ወልውያለሁ፣ አንድ ሺህ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰድር፣ መኪኖቹን እንዳትነካ ተብያለሁ፣ ዙሪያቸውን እወለውላለሁ፣ ከእያንዳንዱ መኪና ሥር አራት ሰድር ይቀራል፣ ጎማ የቆመባቸው፣ እነሱን ወልውዬ አላውቅም። በኋላ የራሴን የጽዳት ድርጅት አቋቋምሁ፣ አርባ ሦስት ሠራተኛ ነበረኝ፣ ሸጥሁት፣ አረፍሁ፣ እና እነዚያ አራት ሰድሮች ትዝ አሉኝ። ይኸው ነው። ለማንም አልተናገርሁም።

ስገዛው የሁለት ዓመት አሕራዩት ቀርቶት ነበር። እዚህ አገር አሕራዩት አንድ ቃል ሆኖ ሁለት ነገር ነው፣ ዋስትናም ነው፣ ኃላፊነትም ነው፣ ሻጩን ዋሱ ማነው አልኩት፣ ኩባንያው አለኝ፣ ኩባንያ እኮ ሰው አይደለም፣ ዋስ ማለት ስም ያለው ሰው ነው፣ ቤቱ የሚታወቅ፣ ነገር ሲበላሽ ሄደህ በሩን የምታንኳኳው፣ ስለው ሳቀ። የሚስቁብኝን እቆጥራለሁ፣ እሱም ተቆጥሯል።

አሕራዩቱ ባለቀ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ቢጫው መብራት በራ። በአሥራ ዘጠነኛው! ማን ነገረው? ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ ሙሽራ ዝም ያለ መኪና ቀን ቆጥሮ ይታመማል? ውስጡ ኮምፒውተር አለ፣ ኮምፒውተር ቀን ያውቃል፣ እኔ የማውቀውን እሱም ያውቃል ማለት ነው። ወደ ሸጡልኝ ሰዎች ሄድሁ፣ መስታወት ቤት፣ ልጁ ስሜን መዘገበ፣ ኮምፒውተሩን አየ፣ ከሞተሩ ክዳን ነው አለ፣ ትከሻውን ሰበቀ፣ አሕራዩቱ አልቋል ጌታዬ፣ ዘመኑ አልፏል፣ ከእንግዲህ እኛን አያገባንም። ክፋት አልነበረበትም፣ ረጋ ብሎ ነው ያለኝ፣ እንደዚያ ረጋ ብሎ የተነገረ ነገር የት ነው የሰማሁት፣ ከማን አፍ፣ ተወው፣ ተወው።

ሰጉላ፣ የጋራዦቹ ሰፈር ውስጥ፣ የጀርመን መኪና የሚያውቅ የኛ ልጅ አለ አሉኝ። የኛ ልጅ ሲሉኝ ይበልጥ ነው የምጠረጥረው። ከመሄዴ በፊት የልጅ ልጄ ሊሂ መታጠቢያ ቤት የረሳችውን የጥፍር ቀለም አንስቼ የሞተሩን ክዳን ቡሎኖች ቆጠርሁ፣ ሃያ ሁለት፣ ሰባቱ ላይ ነጥብ አደረግሁ፣ በቀይ፣ የጤፍ ፍሬ የምታክል፣ ሁሉም ላይ ካደረግሁ ያውቅብኛል፣ ሰባት ይበቃል፣ ሳይፈታ ፈታሁ፣ ሳይቀይር ቀየርሁ ቢለኝ ነጥቡ ይመሰክራል። ባንቺአየሁ መስኮት ላይ ሆና፣ ኧረ ዘመኑ በሰባ ዓመትህ ጥፍር ልትቀባ ነው፣ ለጣውንቴ ነው አልኳት፣ ጎረቤት እስኪሰማ ሳቀች፣ የሷን አልቆጥርም።

ይህን ሁሉ አስቤ አንዱን ረሳሁ። ቁልፉን ኤሊራን መዳፍ ላይ ካስቀመጥሁ በኋላ ነው የጠየቅሁት፣ መጠየቅ የነበረብኝ በፊት ነው፣ አገራችን ሰው ውሃ እንኳ ሳይቀበል ይጠይቃል፣ የማን ልጅ ነህ? የጥሩአየሁ፣ አለኝ።

የጥሩአየሁ። የአባቱን ስም አልጠራም። ካሳው አላለም። ልጅ በእናቱ ሲጠራ አባቱ ሞቷል ወይም ከሞት የባሰ ነገር አድርጓል፣ እኔ የትኛው እንደሆነ አውቃለሁ፣ እኔ ነኝ ዋሱ።

ጎንደር ነው፣ ልንወጣ አንድ ዓመት ሲቀረን፣ የጥሩአየሁ አባት ሙሽራውን ካሳውን ዋስ ጥራ አለው፣ ካሳው ጓደኛዬ ነው፣ ዘመኑን አለ፣ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ ሁለት በሬ ነበረኝ፣ ተነሥቼ ቆምሁ፣ ቢበድላት እኔን ጠይቁ፣ የቤቴን በር አንኳኩ፣ አልሁ፣ ሰው ሁሉ ሰማ። ከዚያ በእግር ሱዳን፣ ከዚያ እዚህ፣ ወለል፣ ሰድር፣ ድርጅት፣ የመጀመሪያው ሠራተኛዬ ካሳው፣ እንደሱ የወለል ድንጋይ የሚያበራ ሰው አልነበረም፣ ሦስት ሰው የሚሠራውን ብቻውን ይሠራል፣ ጠጥቶም ይሠራል። አንድ ቀን፣ ከዛሬ ሃያ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣ አሚሻቭ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የቤቴ በር ተንኳኳ፣ ጥሩአየሁ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ፣ ዋሴ ነዎት አያ ዘመኑ፣ አለችኝ። በዚያ ሳምንት አንድ ትልቅ ሕንፃ የማስረክብ ነበርሁ። ያለ ካሳው አይሆንም። አሰብሁ፣ ቆጠርሁ፣ ረጋ ብዬ መለስሁላት፣ ያ ዋስነት እዚያው አገር ቀረ፣ እዚህ ፖሊስ አለ፣ የማኅበራዊ ሠራተኛ አለ፣ የዚያ ነገር ዘመኑ አልፏል። ቀና አለች። ነጠላው ወረደ፣ ግራ ዓይኗ አይታይም ነበር፣ እብጠት ብቻ። ልክ ነዎት አያ ዘመኑ፣ ዘመኑ አልፏል፣ አለችና ወረደች፣ ሠላሳ ስድስት ደረጃ፣ እስከ ታች ቆጠርኋት።

የኔን ቃል መለሰችልኝ ብዬ ነበር። የገባኝ ከሁለት ቀን በፊት ነው፣ ቁልፉን ከሰጠሁ በኋላ፣ እሷ ያለችው ዘመኑ እኔ ነኝ።

እና አሁን ልጇ መኪናዬ ሥር ቆሟል። ሃያ ሁለት ቡሎን በእጁ ነው። አንዷን ግማሽ ዙር ቢያላላት ይበቃዋል፣ ዘይት በጋለው ብረት ላይ ጠብ፣ ጠብ፣ ጭስ፣ እሳት፣ ማንም አያውቅም፣ አሮጌ መኪና ነው፣ አሕራዩቱ አልቋል፣ ይባላል። ደግሞ አንቱ ይለኛል። እዚህ ተወልዶ፣ እዚህ ተምሮ፣ አንቱ! የራሴ ልጆች በዕብራይስጥ አታ ነው የሚሉኝ፣ አንተ ማለት ነው፣ ከአንቱ ጫፉን ቆርጠው፣ ይህ ሙሉውን ከየት አመጣው፣ ማን አስተማረው፣ ለማን ሲባል፣ እንዲህ ያለ አክብሮት ከጀርባው የሆነ ነገር ይኖራል። አራተኛው የኦሻራት ሳቅ ደግሞ አለ። ልነሣና ልሂድ? ቁልፉን ተቀብዬ ሌላ ጋራዥ ላስከፍተው? ነጥቦቹን ሳላይ አልሄድም።

መኪናው ይወርዳል። ኤሊራን የካርቶን ሣጥን ተሸክሞ ይመጣል፣ ወንበሩ አጠገብ ያስቀምጠዋል፣ አሮጌው ክዳን፣ ስንጥቁ እንደ ፀጉር ነው፣ ይኸው በዚህ ነበር የሚወጣው አባ ዘመኑ፣ በላስቲክ ከረጢት ደግሞ አሮጌዎቹን ቡሎኖች፣ እነዚህ አንዴ ከተፈቱ ተመልሰው አይታሰሩም፣ ሁሉም አዲስ ነው፣ ያላ፣ ይቁጠሩ።

ይቁጠሩ አለኝ። ጉልበቴ ላይ አፈሳቸዋለሁ። ሃያ ሁለት። ቀይ ነጥብ ያለባቸው፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሰባት። ሰባት ናቸው። ጎደለ የምለው ፈልጌ ነበር መሰለኝ።

አሁን ደግሞ ይዩ፣ ይላል፣ የመኪናውን የፊት ክዳን ያነሳል፣ ጎንበስ እላለሁ፣ አዲሶቹ ቡሎኖች ያበራሉ፣ በእያንዳንዳቸው ራስ ላይ አንዳንድ ነጥብ፣ ነጭ፣ እንደ ዕንቁ የሚያብረቀርቅ፣ የጥፍር ቀለም ነው፣ አውቀዋለሁ። አንቱ ሰባት ብቻ ነው ያደረጉ፣ እኔ ሁሉንም አደረግሁልዎ፣ ማንም ቢነካው እንዲያውቁ፣ እኔም ብሆን። ከኋላችን ኦሻራት ትስቃለች፣ አምስት፣ በዕብራይስጥ ትላለች፣ ጎልማሳ ሰው ቁጭ ብሎ ለሞተር ማኒኪዩር ሲሠራ አየሁ።

ቀለሙን ከየት አመጣኸው? ከእማ ነው። ነገርካት? ማን መጣ አለችኝ፣ ዘመኑ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፣ ቀይ ቀይ ነጥብ አድርገውበታል አልኳት፣ አያ ዘመኑ ይቆጥራሉ፣ ቆጥረህ ስጣቸው አለችኝ። ሌላስ? ሌላ አላለችም፣ ቀለሙን ሰጠችኝ።

ሌላ አላለችም። ይህን የት ላስቀምጠው፣ ስድብ ቢሆን ቦታ አለው፣ እርግማን ቢሆን ቦታ አለው። አሕራዩቱስ፣ እለዋለሁ፣ ለስንት ጊዜ ነው? በወረቀት ስድስት ወር። ያለ ወረቀትስ? እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፣ ያለ ወረቀት፣ እሺ፣ ቤታችንን ያውቁት የለ አባ ዘመኑ፣ ኤን ጋኒም ሰፈር።

ቤታችንን ያውቁት የለ። ግብዣ ነው? ወይስ እየወጋኝ ነው? ፊቱን አየዋለሁ፣ የካሳው አገጭ፣ የጥሩአየሁ ዓይን፣ ሁለቱም ጤነኛ፣ ከፊቱ ላይ ምንም አላነብም፣ እከፍላለሁ፣ አመሰግናለሁ፣ ሣጥኑን ከኋላ እጭናለሁ።

መንገድ ላይ ሬዲዮ አልከፍትም። ዝም ብዬ አዳምጣለሁ፣ ሞተሩ ሐር እንደሚቀደድ ነው፣ ቢጫ መብራት የለም፣ ሽታ የለም፣ የምጠረጥረው ድምፅ ፈለግሁ፣ የለም፣ በጎማዎቹና በእኔ መካከል ለጥርጣሬ የሚሆን ነገር ጠፋ። የዓርብ ቀን ነው፣ ሰው ለሰንበት ይሸምታል፣ ባንቺአየሁ ትጠብቀኛለች፣ ወደ አሚሻቭ፣ ወደ ቤቴ የሚወስደውን መታጠፊያ አለፍሁት። አለፍሁት? አልፌዋለሁ።

የጥሩአየሁን ሕንፃ አውቀዋለሁ፣ አሥር ዓመት ደረጃውን ያጠቡት የኔ ሠራተኞች ናቸው፣ ሌሎቹን ሕንፃዎች ሁሉ እየሄድሁ እፈትሽ ነበር፣ በጣቴ አቧራ እያየሁ፣ ይህን ግን አንድ ቀንም፣ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነበር የምልከው። ሞተሩን አጠፋሁ። አሥራ ስድስት ደወል፣ ስድስተኛው ላይ ጥሩአየሁ፣ በአማርኛ፣ በእጅ ጽሑፍ፣ ከስሟ ቀጥሎ የማንም ስም የለም።

ምን ልላት ነው፣ መኪናዬን ልጅሽ አዳነልኝ ልበል፣ ለመኪና ነው እንዴ ሰው የሚመጣው፣ ይቅርታ ልበል፣ ዕዳው የቆየ ነው፣ ስንት ሆኖ ይሆን፣ እንዴት ነው የሚቆጠረው፣ ጣቴ ደወሉ ላይ ነው፣ ማን ተጫነው፣ ጮኸ።

ማነው? ድምፁ ከብረቱ ቀዳዳ ይወጣል፣ አርጅቷል፣ የሷ ነው።

ዘመኑ ነኝ።

የቱ ዘመኑ?

ታውቀዋለች። የቱ እንደሆነ ታውቀዋለች፣ እኔው እንድለው ነው።

ያለፈው፣ እላለሁ።

ሞተር እንደማዳምጠው አዳምጣለሁ፣ መተንፈሷ ይሰማኛል፣ ወይም የኔው ነው፣ እና በሩ ይጮሃል፣ ዝዝዝ፣ እንዲህ ያለውን በር አውቀዋለሁ፣ ስንቱን አጥቤያለሁ፣ አምስት ሰከንድ ነው የሚጮኸው፣ ከዚያ ይቆለፋል፣ ባዶ እጄን ነው የመጣሁት፣ ስንት ደረጃ ይሆን፣ ግፋው እንጂ ዘመኑ፣ አንድ፣ ሁለት፣ እጄ ብረቱ ላይ ነው፣ ሦስት፣