ወልደ አማኑኤል ማነው?

እንግዲህ መጀመሪያ አትሳቁብኝ። መሳቅ ካማራችሁም ልጨርስና ከዚያ አብረን እንስቃለን። እኔ ራሴ ብቻዬን ስስቅ ከርሜ ነው ይህን ልጽፍላችሁ የተቀመጥኩት።

ጥሩሸዋ እባላለሁ። አገሬ መንዝ ነው፤ ቤቴም ከመሐል ሜዳ ወደ ጓሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ልጆቼን አድርሻለሁ። ታዲዮስ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፤ ሲና መሐል ሜዳ አስተማሪ ናት። ባሌ አባይነህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሲና ገና ጡት ሳትጥል ነው የሞተብኝ። ከዚያ ወዲህ ባል የሚባል ነገር ከሐሳቤ ወጣ። ጠያቂ ጠፍቶ አይደለም፤ ሽማግሌ የላኩም ነበሩ። «ልጆቼን ላሳድግ» እላለሁ። ልጆቹ እስኪያድጉ ጠያቂዎቹም አረጁ፤ እኔም ነገሩን ረሳሁት። ረሳሁት ማለት ሰው የወተት ጥርሱን እንደሚረሳው ነው።

ልጆቹ ሲወጡ ቤቱ ጭር አለብኝ። ጥቂት በጎች አሉኝ፣ ገብስ አለኝ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅርቤ ነው። ሳስብ ሳስብ ቆየሁና «ልመንኩስ» አልኩ። በእኛ አገር ባሏ የሞተባት ሴት ልጆቿን ካደረሰች ቆብ መጫኗ ያለ ነው። ለነፍስ አባቴ ለቄስ መልከ ጼዴቅ ነገርኳቸው። «ይሁን፤ ሁዳዴን ጹሚና ለግንቦት ልደታ እናደርገዋለን» አሉኝ። ቆቡን አሰፍቼ ሳጥን ውስጥ አኖርኩ። ልጆቼም ደስ አላቸው። ታዲዮስማ «እናቴ ልትመነኩስ ነው» ብሎ የሥራ ጓደኞቹን ቢራ ጋበዘ አሉ። ለምንኩስና ቢራ ሲጋበዝ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ አንዲት ጎጆ አስቆምኩ። ግድግዳዋ ድንጋይ ነው፤ ለጣሪያዋ ግን ቆርቆሮ አልፈለግሁም። ቆርቆሮ በእኛ ብርድ በረዶ ነው፤ ዝናብ ሲመታውም ጸሎት አያስደርስ። የጓሳ ሣር ፈለግሁ።

የጓሳ ሣር ደግሞ ዝም ብሎ አይታጨድም። ለዓመታት ይከለከላል፤ ሰውም ከብትም አይነካውም። ሣሩ ደረሰ ሲባል ሽማግሎቹ ተመካክረው ቀን ይቆርጣሉ፤ ያን ቀን አገሩ በሙሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣል። አምና የተከፈተው ሁዳዴ ሊገባ ሲል ነው።

ጎረቤቴ ጌታነሽ ያን ሰሞን እግሯን ተሰብራ ተኝታለች። በእሷ ፋንታ የሚያጭድላት ታላቅ ወንድሟ ከመርሐቤቴ መጣ። አፈወርቅ ይባላል። ዓለም ከተማ አጠገብ ያርሳል፤ ክዳን መክደንም ይችላል፤ ሚስቱ ከሞተችበት ብዙ ዘመኑ ነው። ጌታነሽ አደራ አለችኝ።

«እትዬ ጥሩሸዋ፣ ወንድሜን ይዘሽልኝ ሂጂ። ጋሼ የማሽላ አገር ሰው ነው፤ የጓሳ ብርድ ጉድ ያደርገዋል።»

«ታዲያ አዝዬው ልሂድ ነው እንዴ?» አልኳት።

ሲነጋጋ ወጣን። ጉሙ ወርዶ ፊት ለፊታችን ያለውን ሰው እንኳ አናይም፤ የሚሰማው የፈረስ ኮቴና የሰው ሳል ብቻ ነው። አፈወርቅ ባርኔጣውን እስከ ጆሮው ደፍቶ፣ በስስ ጋቢ ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጣል።

«ቆላ እንዲህ ያለ ብርድ የለም መቼም» አልኩት።

«እኛ ጋ ሰው እንዲህ ከቀዘቀዘ እንቀብረዋለን» አለኝ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ።

ሳቄ አመለጠኝ። ከፈረሱ ላይ ባናዬን አንስቼ ወረወርኩለት፤ የበግ ጠጉር ነው፣ ሞተ የተባለንም ያነሣል።

ማጨድ ጀመርን። ትንሽ እንደሄድን ፀሐይ ወጣች። ቅዳሴ ላይ የመቅደሱ መጋረጃ ሲገለጥ አይታችኋል አይደል? ጉሙ እንደዚያ ተገለጠ። ሣሩ ጤዛውን እንደተሸከመ እስከ ሰማይ ዳር ድረስ አበራ። ጅብራ የምንለው ረጅም ተክል እዚህም እዚያም እንደ ሰው ቆሟል። ቀይ ቀበሮ በመካከላችን አለፈ፤ ዞር ብሎም አላየን።

ዞር ስል አፈወርቅ ማጭዱን መሬት ላይ አኑሮ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሟል። የታመመ መሰለኝ።

«ወንድሜ፣ ምነው፣ አመመዎት እንዴ?»

ዓይኑን ከሣሩ ሳያነሣ፣ «እመት ጥሩሸዋ፣ እንዲህ ያለ አገር ላይ እየኖራችሁ ሥራ የምትሠሩት እንዴት ነው?» አለኝ።

ቀና ብዬ አየሁ። ተወልጄ ያደግሁበት ነው፤ በልጅነቴ ሣሩን ተሸክሜ የወረድኩበት ነው። ገና ያን ቀን አየሁት። ቀኑን ሙሉ ጓሳን እያየሁ መስሎኝ እሱን እያየሁ መዋሌን ግን አላወቅሁም።

ምሳ ሰዓት ላይ ቆሏችንን ይዘን ከጎረቤቶች ጋር ተቀመጥን። ፊት ለፊታችን አንድ ጅብራ አበባውን እንደ ዘንግ አቁሞታል።

«ይሄ ምን የሚሉት ነው?» አለ።

«ጅብራ ነዋ። ዘመኑን ሁሉ ቅጠል ብቻ ሆኖ ይኖርና፣ ከስንት ዓመት በኋላ አንዴ ያብባል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይሞታል።»

ቆሎውን አላምጦ ጨረሰ። «ሳያብብስ ቢቀር አይሞትም?» አለኝ።

ጎረቤቶቻችን ሳቁ። እኔ ማጭዴን አንስቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ማታ ስንመለስ ባናውን አጣጥፎ ሰጠኝና «ምን ላድርግልዎ?» አለኝ። «ምንም አልፈልግም» አልኩት። «እንግዲያው የክርስትና ስምዎን ይንገሩኝና በጸሎት ላስብዎ» አለኝ። በእኛ ዘንድ የክርስትና ስም ለማንም አይነገርም፤ የሚያውቁት እናትና የነፍስ አባት ናቸው። እንዴት ከአፌ እንደወጣ እንጃ፣ «ወለተ ኢየሱስ» አልኩት።

«እኔ ወልደ አማኑኤል ነኝ» አለ። በዚህ ተለያየን።

ጾሙ ገባ። አፈወርቅ የእህቱን ቤት ክዳን አድሶ ሲያበቃ «የእርስዎንም ጎጆ ልክደንልዎ» አለ። እሺ አልኩ። ከቅዳሴ በኋላ የጾም ምግብ ይዤለት እሄዳለሁ፤ ከጎጆዋ ጥግ ተቀምጦ ይበላል፤ ስለ በግ እናወራለን፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሟች ሚስቱ፣ ስለ አባይነህ። ሌላ ነገር ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። አንድ ቀን ብቻ «ቆቡ መቼ ነው?» አለኝ።

«ለግንቦት ልደታ።»

«ጥሩ፤ ጠብታ የማያስገባ አድርጌ እከድነዋለሁ» አለ። በማግስቱ ስሄድ የከደነውን አፍርሶ እንደገና ይከድናል።

ጌታነሽ ደጇ ላይ እግሯን ዘርግታ ታየናለች። «እትዬ፣ ጋሼ የንጉሥ እልፍኝ ነው እንዴ የሚከድነው? የኔን ቤት ሳምንት እንኳ አልፈጀበትም!»

«ጎጆዋ ክብ ሆና አስቸግራው ነዋ» አልኳት።

«የኔስ ቤት ማዕዘን አለው እንዴ?»

ደንቆሮ መስዬ አለፍኩ። ደግሞም ደንቁሬ ነበር፤ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ምንም አልታወቀኝም።

ደብረ ዘይት ደረሰ፣ የጾሙ እኩሌታ። ቅዳሴ ከመግባታቸው በፊት ቄስ መልከ ጼዴቅን ደጀ ሰላሙ ጋ አገኘኋቸውና እንደ ልማዴ በጸሎት የሚያስቧቸውን ስሞች ጠራሁላቸው። የእናት አባቴን፣ የባሌን፣ የልጆቼን የክርስትና ስም። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰማሉ። ድንገት ዓይናቸውን ገለጡ።

«ወልደ አማኑኤል ማነው?»

«እ?»

«ወልደ አማኑኤል ብለሻል። ያንቺን ቤት ሰው እኔ ነኝ ያጠመቅሁት፣ እኔ ነኝ የቀበርኩት። ወልደ አማኑኤል የሚባል የለሽም።»

«ኧረ አላልኩም፣ አባቴ!»

«ብለሻል። ባለፈውም እሑድ ብለሻል፤ ዘመድ ታሞባት ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። ዛሬ ግን ከልጆችሽ አስቀድመሽ ጠራሽው።»

የቅጥሩን ድንጋይ ያዝኩ። ፍርሃት ነው እንዳልላችሁ ደስታ አለበት፤ ደስታ ነው እንዳልላችሁ ፍርሃት አለበት። ጌታ ሆይ አልኩ፣ እኔ የማላውቀውን ነገር ያንተ ጆሮ ስንት ቀን ሲሰማው ከረመ? በዚህ ዕድሜዬ? ሽበቴን እያየህ?

«የጌታነሽ ወንድም ነው» አልኩ።

«ተሰበረ ሲባል የሰማሁት የጌታነሽን እግር ብቻ ነበር» አሉ። ከዚያ ኮስተር አሉ። «ጥሩሸዋ፣ ቆብ ሲጫን ፍትሐት እንደሚደገም ታውቂያለሽ፤ ለዓለም ሞተች ተብሎ ነው። አንቺ ሕያው ልብ ይዘሽ መጥተሽ እንዴት ብዬ ፍትሐት ይደገምባት ልበል?»

«ኃጢአት ነው፣ አባቴ?»

«ሚስት አለው?»

«ሞታበታለች።»

«አንቺስ ባል አለሽ?»

«የለኝም።»

«ታዲያ ኃጢአቱ የቱ ጋ ነው? ኃጢአቱስ ለሌላ የሰጡትን ልብ ለእግዚአብሔር ሰጠሁ ብሎ መዋሸት ነው። ሂጂ፣ ጸልዪበት። ሰውየውንም ጠይቂው፤ ምናልባት እሱ የያዘው ክዳኑን ብቻ ይሆናል።»

ይቺ የመጨረሻዋ ቃላቸው እንቅልፍ ነሣችኝ። እውነትም ክዳኑን ብቻ ይዞ ቢሆንስ?

ሰኞ ሄድኩ። ጣሪያው ላይ ነው፤ ክዳኑ ደርሶ ጫፉ ብቻ ቀርቶታል።

«ይውረዱ» አልኩት።

«ያቺን እስር ሣር ያቀብሉኝና...»

«ይውረዱ አልኩ እኮ!»

ወረደ። ሣሩ ጢሙ ላይ ተሰክቷል።

«በጸሎትዎ ስሜን ይጠሩታል?» አልኩት።

«ቃል ገብቼልዎ የለ?»

«ከማን ቀጥለው?»

ባርኔጣውን ቀስ ብሎ አወለቀ። መሬት መሬት አየ። «ወለተ ኢየሱስ ብዬ እጀምርና» አለ፣ «ሌላ ስም አይመጣልኝም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ የገዛ ልጆቼን ረስቻቸዋለሁ።»

የተቃቀፍን እንዳይመስላችሁ፤ ሁዳዴ ነው። እኔ ግድግዳውን ይዤ፣ እሱ ባርኔጣውን ይዞ ቆምን። ከቅጥሩ ውስጥ የቆሎ ተማሪዎች ዜማ ይሰማል። እዚያች ጎጆ ደጃፍ ላይ እግዚአብሔር ራሱ ጎንበስ ብሎ ያየን መሰለኝ።

ልጆቼስ? ጭንቁ እሱ ነበር። አንድ ነገር በልቤ ቆረጥኩ፤ ልጄ እያዘነ የማገባው ባል የለም። እምቢ ካሉኝ ቆቤን እጭናለሁ ባልልም ቤቴን ዘግቼ እቀመጣለሁ። ለፋሲካ ሲመጡ፣ የፋሲካው ምሳ ከተበላ በኋላ፣ እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። ሲና አፏን በነጠላዋ ያዘች። ታዲዮስ ግን ከመቀመጫው ተነሣ።

«እማ! ለሰው ሁሉ መነኮሰች ብያለሁ እኮ! አሁን ምን ልበል? አገባች ልበል?»

«የጠጡትን ቢራ አስመልሳቸዋ!» አለችው ሲና።

ሳቅ የለም፤ በሩን ገጭ አድርጎ ወጣ። ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ አልመጣም። እኔ መቁጠሪያዬን ይዤ አለቀስኩ። ሲና ታጽናናኛለች፣ እኔ አልሰማትም።

ሲመለስ በሩ ላይ ቆመ። ጌታነሽ ቤት፣ አፈወርቅ ጋ ሄዶ ነበር።

«ምን አልከው?» አልኩት።

«‹እናቴን ከቆቧ ለምን አስቀሩብኝ?› አልኩት። ‹እኔም እግዚአብሔርን የምጠይቀው እሱኑ ነው፤ መልስ ካገኘህ ለኔም ንገረኝ› አለኝ።»

«ተጣላችሁ?»

«ልጣላ ነበር የሄድኩት። ግን እማ...» አለና የበሩን መቃን ተደገፈ። «ስምሽን በጠራ ቁጥር ባርኔጣውን ያወልቃል። ይለብሰዋል፣ ደግሞ ሲጠራሽ ያወልቃል። የሚያውቀው አይመስለኝም። ስምሽን እንደዚያ የሚጠራ ሰው ሰምቼ አላውቅም።»

መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «ጠላ አለ?» አለኝ። እኔ ይህንኑ እሺታ ብዬ ያዝኩት።

ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ጸሎት ተደረገልን፣ አብረን ሥጋ ወደሙ ተቀበልን። አክሊል አልተደፋልንም፤ እሱ መጀመሪያ ለሚያገቡ ልጆች ነው። ጎጆዋን ለእማሆይ አመተሥላሴ ሰጠናት፤ ደጀ ሰላሙ ውስጥ በብርድ ያድሩ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ጠብታ አልገባባቸውም። «በመነኮስኩ በስንት ዘመኔ ሙሽሮች ቤት ሰጡኝ» እያሉ ይስቃሉ። ቆቡ ዛሬም ሳጥኔ ውስጥ አለ። አንዳችን በሞት ቢቀድም የቀረው ይጭነዋል ተባብለናል።

ማታ ማታ ጎን ለጎን ቆመን ስንጸልይ፣ ስሜ በእሱ አፍ ሲጠራ፣ እስካሁን ይነዝረኛል። ሳልጠይቅ ተሰጠኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም።

የክርስትና ስም ለማንም አይነገርም ብያችሁ ነበር። ለእናንተ ግን ነገርኳችሁ። እባካችሁ፣ ስትጸልዩ ወልደ አማኑኤልና ወለተ ኢየሱስ ብላችሁ አንድ ላይ ጥሩን።