የጥፍር ቀለም የተቀባው ዳዶ

ልብስ ሰፊዋ አውሮፕላኑን "ጣውንቴ" ነበር የምትለው። ምን ታድርግ! ባሏ ከአውቶቡስ ጋራዥ ጡረታ በወጣ ማግስት የድሮ የጣውላ መጋዘን ተከራይቶ፣ "ሁለት ሰው የምትይዝ አውሮፕላን እሠራለሁ፤ ከኋላዬ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ" ሲላት፣ ሰውዬው ሥራ ቢፈታ ጨርቁን ጣለ ብላ ነበር። አልጣለም። የአብራሪነት ፈቃዱን ሳይቀር በዚያ ዕድሜው ተፈትኖ አወጣ። አንድ ዓመት አለፈ፣ ሁለት አለፈ፣ ከዚያ ሳታስበው እሷም ገባችበት። የክንፎቹን ጨርቅ ስፌት በስፌት የሰፋችው እሷ ናት። እሱ ቆርቆሮውን የሚያያይዘውን ምስማር ከውጭ ሲመታ ከውስጥ ብረት ደግፋ የያዘችው እሷ ናት። አስራ አንድ ዓመት! ልጅ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ አምስተኛ ክፍል ደርሶ ነበር።

ባሏን ጋራዥ ውስጥ "ጋሽ አጥብቅ" ነበር የሚሉት፤ ቀኑን ሙሉ "አጥብቅ! አጥብቅ!" እያለ ስለሚጮህባቸው። አንድ ልማድ ነበረው። የብሎኑን ማሰሪያ ዳዶ አጥብቆ ሲጨርስ፣ ከዳዶው እስከ ብሎኑ ጫፍ በቀይ ቀለም ቀጭን መስመር ያሰምራል። መስመሩ ካለ ጠብቋል ማለት ነው፤ ሌላ ሰው አይነካውም። አንድ ጊዜ አንድ ሠራተኛ ሳያጠብቅ ቀለም ቀብቶ፣ የአውቶቡስ ጎማ መንገድ ላይ ተፈንቅሎ ሄደ። ሰው አልሞተም። ጋሽ አጥብቅ ግን የዚያ ሠራተኛ ስም በተነሳ ቁጥር ፊቱን ያዞራል። "ሳያጠብቅ የቀባ ሰው፣ ሰው አይደለም" ይላል። ለአውሮፕላኑ ደግሞ የሚስቱን የጥፍር ቀለም ነበር የሚጠቀመው። እሷም "ጥፍሬ ያልቀመሰውን ብሎን ጠጣው" እያለች ትስቅበታለች።

እግርና ክንፍ የሚገጠምበት ቀን ቅዳሜ ዋለ። በሚቀጥለው እሁድ ሚስቱን ከኋላ ጭኖ ሊነሳ ነው። ታናሽ ወንድሙ በያጁ ማለዳ ደረሰ፤ ጎረቤታቸው ዳቦ ጋጋሪው ሁለት ጎረምሳ ልጆቹን አስከትሎ መጣ። መጀመሪያ እግሮቹ ተገጠሙ፤ ለእያንዳንዱ አራት አራት ብሎን። ከዚያ ተሸክሞት የኖረውን በርሜል ከሥሩ ሲስቡለት አውሮፕላኑ በገዛ ጎማው ቆመ።

"እሰይ! እንግዲህ የቀራት ዳዴ ማለት ነው" አለ ዳቦ ጋጋሪው። ሁሉም ሳቁ።

ክንፉ ግን ቀልድ አይወድም። ጎረምሶቹ ጫፍ ጫፉን ያዙ፣ በያጁ መሃል ገባ፣ ልብስ ሰፊዋ ጨርቁ እንዳይጫር አጠገቡ እየሄደች "ቀስ! ቀስ በሉ!" ትላለች። ባሏ ሥሩ ላይ ተንበርክኮ፣ "ወደ ላይ... ትንሽ... ያዝ! ገባ!" አለ። በአንድ እጁ የብሎን ቁልፍ፣ በሌላው ያችን ትንሽ የጥፍር ቀለም ጠርሙስ ይዞ ከወዲህ ወዲያ ተመላለሰ። ሁለቱም ክንፎች ሲቆሙ እንባዋ መጣ። አላፈረችበትም።

ከጥቂት ወራት ወዲህ ባሏ ላይ አንድ ነገር ነበር፤ እሷ ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ብላ አልፋዋለች። አንዱን ጥያቄ ሦስት ጊዜ ይጠይቃታል። ሻዩ ውስጥ ስኳር ጨምሮ ሳያማስል እንደገና ይጨምራል። አንድ ቀን ወንድሙን በሟች አባታቸው ስም ጠራው። እርጅና ነው፣ ማን ያላረጀ አለ፣ ብላ ነበር።

ወንዶቹ እጃቸውን ታጥበው ዳቦ ሊቀምሱ ወደ ደጅ ወጡ። እሷ የፈሰሰውን ቀለም ልጥረግ ብላ ቀረች። ግራው ክንፍ ሥር ጨርቋን አንዱ ዳዶ ላይ ስታሳርፍ፣ ዳዶው አብሮ ዞረ።

ክው አለች። ሁለተኛውን ሞከረች፤ በጣቷ ዞረ። ሦስተኛውም ዞረ። አራተኛው ጠብቋል። ጎንበስ ብላ እግሮቹን አየች፤ ከቀኙ እግር ሁለቱ እንዲሁ ልል ናቸው። በሁሉም ላይ ቀዩ መስመር አለ፤ ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ፣ የሰለጠነ እጅ ያሰመረው። አንጀቷን የቆረጠው ይሄ ነው።

ቁልፉን አነሳች። ማንም ሳያይ ላጥብቀው? እሺ፣ ዛሬ አጠበቀችው። እሁድ ዕለት አየር ላይ ሆኖ ሌላ ነገር ቢረሳስ? እዚያ ላይ ማን ያጠብቅለታል? ቁልፉን መልሳ አስቀመጠች።

ባሏ አፉን እየጠረገ ገባ። "ምን ሆነሻል? አመድ መሰልሽ።"

በጣቷ አሳየችው። ዳዶውን ነካው፤ ዞረ። ወደሚቀጥለው ሄደ፤ ዞረ።

"አጥብቄዋለሁ" አለ። "አሁን... አሁን አጥብቄዋለሁ እኮ!"

ጣቱ ላይ የደረቀውን ቀይ ቀለም አየ። አርባ ዓመት አብራው ስትኖር ያ ሰው ሲፈራ አይታ አታውቅም። አሁን አየች። ሞት አይደለም የፈራው። ፊቱን የሚያዞርበትን ያንን ሠራተኛ መሆንን ነው። "እኔ ነኝ እንዴ..." ብሎ ሊጠይቃት ጀመረ። ሳይጨርሰው ቀደመችው።

"እኔ ነኝ።"

"ምን?"

"እኔ ነኝ ያላላሁት። አሁን፣ እናንተ ደጅ ሳላችሁ። ፈራሁ። እንዳትበር ብዬ ነው።"

አይ ሴትዮ! ውሸት አትችልበትም፤ ዓይኗ መሬት ላይ ወደቀ። እሱ ግን አመናት። ምን አማራጭ አለው? መጀመሪያ ፊቱ ላይ የመጣው ንዴት አልነበረም፤ እፎይታ ነበር። ልክ ከባድ ነገር ከጀርባው እንዳወረዱለት ትከሻው ዝቅ አለ። ንዴቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

"አስራ አንድ ዓመት አጠገቤ ቆመሽ?" አለ። "በኔ ምልክት ላይ እጅሽን ሰደድሽ? የያዝኩት ሰው መስሎኝ!"

ወንዶቹ በሩ ላይ ቆመው ሰምተዋል። ዳቦ ጋጋሪው ልጆቹን ይዞ ሹልክ ሊል አሰበ።

"ክንፉን አውርዱት" አለ ባሏ።

"ወንድም ጋሼ፣ መልሰን ብናጠብቀው እኮ..." አለ በያጁ።

"የቱን እንደነካች በምን አውቃለሁ? ሌላ እጅ የገባበትን አላበርም! ዛሬም፣ ነገም። አውርዱት አልኩ!"

አወረዱት። እሷ ልትይዝ ስትጠጋ "አንቺ አትንኪ" አላት፤ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ሲወጡ በያጁ "እትዬ፣ ምን ነካሽ? ሰውዬውን ገደልሽው እኮ" አላት። እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ለአንድ ሰው ከወጣ ግን ዞሮ ዞሮ ባሏ ጆሮ ይደርሳል። መልሳ ዋጠችው።

ይሄ ከሆነ አራት ዓመቱ። መጋዘኑ ለባለቤቱ ተመለሰ፤ አውሮፕላኑን አንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ለማስተማሪያ ወሰደው። ጋሽ አጥብቅ አስራ አንዱንም ዓመት ረስቷል። በሰማይ አውሮፕላን ሲያልፍ "ምንድነው የሚጮኸው?" ይላል። የቤቱን በር ረስቷል፣ ወንድሙን ረስቷል። አንድ ነገር ብቻ አልረሳም።

በያጁ ሊጠይቀው ሲመጣ እንደ እንግዳ እጁን ዘርግቶ ይቀበለዋል። ከዚያ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ፣ ሾርባ በማንኪያ የምታቀርብለትን ሴት በአገጩ ያሳየዋል።

"ጌታዬ፣ ከዚህች ሴትዮ ይጠንቀቁ" ይለዋል። "አጥብቄ የጨረስኩትን አላልታብኛለች።"

በያጁ አንገቱን ይደፋል። እሷ ሾርባውን እፍ እፍ ብላ ታቀዘቅዛለች።

"እውነቱን ነው" ትላለች። "እሱማ አጥብቆት ነበር።"

ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ አፉን ይከፍትላታል።