የጋሽ ወልዴ የስድስት ሰዓት ጸሎት

«ስድስት ሰዓት ሆነ» አሉ የጋሽ ወልዴ ባለቤት እትዬ እልፍነሽ ከለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ፣ ከፍራሻቸው ላይ ቀና ብለው። «የጋራዡ ሰውም ሙሉ ነው። ፈንታው፣ ተነሥና ጸሎቱን ምራ።»

ፈንታው ንፍሮ እያኘከ ነበር። ሽምብራዋን ሳያላምጥ ዋጣት።

«እኔ?»

«ታዲያ ማን? ጋሽህ ይነግሩኝ የለ! ‹ሌላው ቆሞ ይጸልያል፤ ፈንታው ግን መኪና ሥር ገብቶ ነው። እሱ ሲጸልይ መሬቱ ይንቀጠቀጣል› ይሉኝ ነበር።»

በያጁ ደሳለኝ እንደ ሳል ያለ ድምፅ አወጣ። መሬቱን የሚያንቀጠቅጠው ምን እንደሆነ የጋራዡ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ጋሽ ወልዴ መርሳ ላይ ጋራዥ ከከፈቱ ጀምሮ ቀትር ሲሆን መፍቻ ይቀመጣል፣ ሞተር ይጠፋል። ሠራተኛው ተሰብስቦ አባታችን ሆይ ይደግማል፤ ከዚያ የእሳቸው ልመና ይከተላል። ልመናው ማርሽ እንጂ ፍሬን አልነበረውም። ከታመመ ጎረቤት ተነሥቶ የግራናን ገበያተኛ አዳርሶ ሲመለስ ሽሮው ይቀዘቅዛል። ፈንታው ታዲያ አራት ዓመት ሙሉ ኢሱዙ ሥር ካርቶን አንጥፎ ያንኮራፋ ነበር። ሽማግሌው አያውቁም ብሎም ያምን ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ጋሽ ወልዴ ሳይታመሙ፣ በተኙበት ዐረፉ። ዛሬ ሠልስታቸው ነው።

ፈንታው ተነሣ። አባታችን ሆይን ለቀስተኛው አብሮት ስላለው በደህና ተወጣው። ከዚያ በኋላ ግን ላብ አጠመቀው።

«አቤቱ ጌታ ሆይ... መኪኖችን...»

«መጀመሪያ የታመሙትን ነው» አለ ከኋላው አንድ ሹክሹክታ።

የኢሱዙው ሹፌር ናስር ነበር። መኪናው ከመንገድ ይልቅ ጋራዥ ስለምትውል፣ ስንቱን ቀትር በሩ ላይ ተቀምጦ ጸሎቱ እስኪያልቅ ጠብቋል።

«የታመሙትን ማርልን» አለ ፈንታው።

«ቀጥሎ በውርጌሳ መንገድ ያሉትን ሹፌሮች።»

«ሹፌሮችን ጠብቅልን።»

«ከነፍሬናቸው።»

«ከነፍሬናቸው!»

ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ቄሱ እንኳ ጺማቸውን ይዘው አቀረቀሩ። ፈንታው ልብ አገኘና መንሾካሾኩን ረስቶ «ቀጥሎስ?» ብሎ ጮኸ።

ናስር አመነታ። «የቀረው ያንተው ነው።»

«የኔ ምን?»

«ወላሂ እንዲህ ነበር የሚሉት። ሁሉ ሲበተን ወደ መኪናዋ ጠጋ ይሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ‹እዚህ ሥር የተኛውን ልጄን ክሪኩ እንዳይከዳው ጠብቅልኝ። ሌሊቱን እናቱን ሲያገላብጥ ነው የሚያድረው› ይላሉ። እኔም በሩ ላይ ሆኜ አሚን እል ነበር።»

ሳቁ ቀጥ አለ። ፈንታው ስለ እናቱ ሕመም ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ሥራ ቦታ የሚተኛ ሰነፍ መባልን መርጦ ነበር።

የመጨረሻዋን ልመና ሊደግም አፉን ከፈተ። «አቤቱ...» አለ። ደግሞ «አቤቱ...» አለ።

«አሚን» አለ ናስር ቀስ ብሎ። ድንኳኑም «አሜን» አለ።

ልጅ ያልወለዱት እትዬ እልፍነሽ የሐዘን ፍራሻቸው ላይ ጠጋ አሉና ከጎናቸው ያለውን ቦታ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። ፈንታው ጫማውን አውልቆ ተቀመጠ።