ከአልጋው ስር የተደበቁ ዲኮደሮች

ያን ሰሞን መሰረት መኪና በቆመ ቁጥር ሥራዋን ትታ መንገዱን ታይ ነበር።

በደቡብ አፍሪካዋ የቮስሎሩስ ሰፈር፣ ሁሉም ጎጎ፣ ማለት አያት፣ ከሚላት ከአሮጊቷ ንቶምቢ ግቢ በተከራየችው የቆርቆሮ ሱቅ፣ በብረት ፍርግርጉ ቀዳዳ ዳቦ፣ ወተትና የስልክ ካርድ ትሸጣለች። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ከባሏ ከሽጉጤ ጋር ትኖራለች። ሁለቱም ከዱራሜ ናቸው፤ ደቡብ አፍሪካ ከገቡ ስምንት ዓመት አልፏቸዋል።

በዚያ ሁለተኛው የኮሮና ማዕበል በተነሳበት ጥር ቸርቹም ትምህርት ቤቱም ተዘግቶ ሰው ሁሉ ቤቱ ቁጭ ብሎ ነበር። ሽጉጤ ይህን አይቶ፣ ጀፕ በሚባለው የገበያ ሰፈር ካለው ጅምላ ሻጭ ከአብዱልሀፊዝ ዘንድ በየወሩ የማይከፈልባቸው የቴሌቪዥን ዲኮደሮች አመጣ። እንደ ትኩስ ዳቦ ተሸጡ። ቤት ኪራይ የምትቀበላቸው ጎጎ ንቶምቢ እንኳ አንድ ገዝታ ዲሹን ጣሪያዋ ላይ አስተከለች። በኋላ ግን ነገሩ ተበላሸ። የመንግስት የፈቃድ ምልክት ያልተለጠፈበት ዲኮደር መሸጥ ክልክል ነው፣ ተቆጣጣሪዎች ከፖሊስ ጋር ሱቅ ለሱቅ እየዞሩ ነው የሚል ወሬ በራዲዮ ተሰማ። መሰረት የቀሩትን ዘጠኝ ካርቶኖች አንድ በአንድ ገለባብጣ አየች። ምልክት የሚባል የለም።

ሽጉጤ “ሰኞ ወስጄ እመልስለታለሁ” ብሏት ነበር። ሰኞ ሳይደርስ ታመመ።

መጀመሪያ ሳል ነበር፤ ቀጥሎ ትኩሳት፤ በአምስተኛው ቀን ደግሞ ትንፋሹ አጠረ። “አምቡላንስ ልጥራ” ስትለው እጇን ይዞ ከለከላት።

“አምቡላንስ ሲመጣ ሰፈሩ ይሰበሰባል። ሰፈሩ ሲሰበሰብ ፖሊስ ይመጣል። ዕቃው እዚህ፣ የኛ ፔፐር ደግሞ ቀኑ ያለፈ። ጸልዪልኝ፣ ይሻለኛል።”

መንግስት ቢሮው በሎክዳውን ስለተዘጋ የጥገኝነት ወረቀቱን በጅምላ አራዝሜዋለሁ ብሏል። ይህን የሚያውቅ ፖሊስ አለ፤ የማያውቅም አለ፤ እያወቀ የማያውቅ የሚመስልም አለ። ስለዚህ መሰረት አልጠራችም። ጸለየች፣ ውሃ አፍልታ እንፋሎት አሸተተችው፣ ደንበኛ ሲመጣ ፊቷን ጠርጋ ወጣች።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ጎጎ ንቶምቢ ማስኳን አገጯ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ ቁና ቁና እየተነፈሰች ፍርግርጉ ጋ ደረሰች።

“ሲሲ፣ መጡ! ዲሼን አይተው ቤቴ ገቡ።”

“ምን አሉዎት ጎጎ? ወሰዱብዎት?”

“የለም። ‘አንቺ ቤትሽ ያለውን አንነካም፣ የሸጠልሽን ሰው ነው የምንፈልገው’ አሉኝ። ከታክሲ ማቆሚያ ገዛሁ አልኳቸው። ግን አላመኑኝም። አሁን ማዶ ያለው ሱቅ ውስጥ ናቸው።”

መሰረት ከፍርግርጉ ዘወር አለች። ስልኳን አንስታ አብዱልሀፊዝ ጋ ደወለች።

“እህቴ” አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “የኔን መጋዘን ትናንት አሽገውታል። ያለሽን ደብቂ፣ አለበለዚያ ጣዪው። ስሜን ደግሞ አታንሺ፣ በአላህ።”

የት ትጥለዋለች? ግቢው ወለል ያለ ነው፣ መንገዱ ሰው ነው። ካርቶኖቹን እየተጣደፈች ወደ ጓዳ አግዛ ሽጉጤ ከተኛበት አልጋ ስር ዘጠኙንም ወሸቀቻቸው፤ ብርድ ልብሱንም እስከ መሬት ጎትታ ጋረደቻቸው። ቀና ስትል የባሏን ከንፈር ጠቁሮ አየችው። ዓይኑ ተከፍቷል፣ ግን እሷን አያይም።

“ሽጉጤ? ሽጉዬ?”

ትከሻውን ነቀነቀችው። በዚህ መሃል ውጭ መኪና ቆመ።

የመጡት አንዲት የተቆጣጣሪ ሰደርያ የለበሰች ጎልማሳ ሴትና አንድ ግዙፍ ፖሊስ ነበሩ። ያመጣቸው የፖሊስ ቫን ከሌላ ሱቅ በወረሷቸው ካርቶኖች እስከ ጣሪያው ተሞልቷል።

“ዲኮደር ትሸጫለሽ?” አለች ሴትዮዋ።

“አልሸጥም፣ ማማ።” የገዛ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

ሴትዮዋ መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች አየች፣ ከሳሙናው ጀርባ ሳይቀር ፈተሸች። ፖሊሱ ግን ዓይኑን ጓዳው በር ላይ ተክሏል።

“ያንን ክፈቺ።”

መሰረት ሳታስበው በሩን በጀርባዋ ተደገፈች። “ባሌ ታሟል። ኮሮና ነው።”

ፖሊሱ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ሴትዮዋም ማስኳን አጠበቀች።

“መቼ ታመመ?”

“ስድስተኛ ቀኑ ነው።”

ሴትዮዋ ፖሊሱን አየችው፤ እሱም ራሱን ነቀነቀ። “ሌላ ቀን እንመለሳለን” ብላ መዝገቧን አጠፈች። ተያይዘው ወደ ቫኑ ሄዱ።

መሰረት እግዚአብሔርን ልታመሰግን አፏን ከፈተች። ሄዱ! ተረፉ! ነገር ግን ከበስተጀርባዋ፣ ከጓዳው፣ ከቅድም ጀምሮ ስትሰማው የነበረው ሲር ሲር የሚል የባሏ ትንፋሽ ድንገት ተቋረጠ። ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች። ምንም የለም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ እስክትቆጥር ምንም የለም። ከዚያ ሽጉጤ ከጥልቅ ጉድጓድ እንደወጣ ሰው አንዴ ስቦ ተነፈሰና እንደገና ዝም አለ።

የቫኑ ሞተር ተነሳ።

እንዴት ከሱቁ እንደወጣች ኋላ ስትጠየቅ አታስታውስም። ጫማ አልነበራትም፤ ማስክም አልነበራትም። መኪናው ፊት ሄዳ በሁለት እጇ የሞተሩን ክዳን ደበደበች።

“ቁሙ! ቁሙ! ዋሽቻችኋለሁ! ዲኮደሮቹ አልጋው ስር ናቸው፣ ሁሉንም ውሰዱ፣ እኔንም ውሰዱኝ! ባሌ ግን ሊሞትብኝ ነው!”

ሴትዮዋ ቀድማ ወረደች። ጓዳ ገብታ ሽጉጤን ባየች ጊዜ ካርቶኖቹን ዘወር ብላ እንኳ አላየቻቸውም። ፖሊሱ በሬዲዮው ተነጋገረና ፊቱ ተለዋወጠ።

“አምቡላንስ የለም። ምናልባት አራት ሰዓት ያህል ይቆያል አሉኝ።”

“አራት ሰዓት የለውም” አለች ሴትዮዋ። “ቫኑን አራግፍ።”

“ማስረጃው ነው እኮ!”

“እኔ ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ። አራግፍ አልኩህ።”

ፖሊሱ እያጉረመረመ የተወረሱትን ካርቶኖች ጎጎ ንቶምቢ ግቢ ውስጥ መከመር ጀመረ፤ ጎጎም በእርጅናዋ አብራው ተሸከመች። ከዚያም ያ ግዙፍ ሰው ሽጉጤን በብርድ ልብሱ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቅፎ አወጣው። መስኮቶቹ ሁሉ ወርደው፣ መሰረት የባሏን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሳይረኑ እየጮኸ ሄዱ። በመንገዱ ሁሉ “ሽጉዬ ተንፍስ፣ በጌታ ስም ተንፍስ” ትለው ነበር።

ሆስፒታሉ በር ላይ ኦክስጅን ሰክተው ተቀበሉትና እሷን አስቀሯት። ከበሩ ወዲህ ለማንም ቤተሰብ አይፈቀድም። ማንም ወጥቶ ምንም ሳይነግራት ከአጥሩ ስር ቆማ ዋለች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ የቱን አብልጣ እንደፈራች አሁን ለራሷም ግራ ገባት። ፔፐሩንስ? ፖሊሱንስ? ይህን ነጭ በርስ?

ስትመለስ ሴትዮዋ ካርቶኖቹ መሃል የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ጎጎ ሻይ አቅርባላታለች።

“ገባ?”

“ገባ። ከዚያ ወዲያ አላውቅም።”

ሴትዮዋ ዘጠኙን ዲኮደሮች በእጇ አውጥታ መዘገበች፣ ቢሮ የምትቀርብበትን ቀን የሚገልጽ ወረቀት ጻፈችላት። መታወቂያ ስትጠይቃት መሰረት ቀኑ ያለፈውን ፔፐር ሰጠቻት። ሴትዮዋ አንብባ ቁጥሩን ብቻ ገለበጠችና መለሰችላት።

“ቀኑን የሚያይ ሌላ ቢሮ ነው። የኔ ሥራ ዲኮደር ነው።”

ጓዳ ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጋር የተገናኘ አሥረኛ ዲኮደር ነበር። መሰረት ራሷ ነቅላ አመጣችላት።

“በዚህ የምታዪው አንቺ ነሽ?”

“እኛ ነን።”

“እንግዲያው የቤትሽ ነው። መልሰሽ ሰኪው።”

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን ስልኳን ከእጇ አላወጣችም። በማታውቀው ቁጥር ሲደወል ከማንሳቷ በፊት ግድግዳ ትይዛለች። በአራተኛው ቀን አንዲት ነርስ “ማሽን ላይ ነው” አለቻት። በዘጠነኛው “ወጥ ፈልጓል” አለቻት፤ ያን ጊዜ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

በቀጠሮዋ ቀን ብቻዋን ቀረበች። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ብለው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጧት፤ ዲኮደሮቹ ግን እንደተወረሱ ቀሩ።

ሽጉጤ ሲመለስ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ። ሦስት እርምጃ ሄዶ ያርፋል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሁሉን እንድትነግረው ጠየቃት፤ ስለ ካርቶኖቹ፣ ስለ ፖሊሱ፣ ስለ ቫኑ።

“አንቺ ነሽ ተመለሱ ያልሻቸው?”

“እኔ ነኝ።”

“አትጥሪ ብዬሽ አልነበር?”

“ብለኸኝ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሰምቼህ ልገድልህ ነበር።”

ሽጉጤ አንገቱን ደፋ። ቆይቶ፣ ትንፋሽ እያጠረው፣ “እኔ እኮ ካንቺ ይልቅ ፈርቼ ነበር፣ መሲ” አላት። ፈራሁ የሚል ቃል በስምንት ዓመት ውስጥ ከአፉ ሰምታው አታውቅም። አጠገቡ ተቀመጠችና ጀርባውን ደገፈችለት፤ ሐኪሞቹ ቀና ብሎ ይቀመጥ ብለዋል።